የመስክ ማስረጃ

ማክሰኞ ማክሰኞ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር ካለው የጥናት ማዕከል አዳራሽ ውስጥ የዓለምን ችግር የሚያውቁ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ስለ ነዳጅ ዋጋ መውረድ፣ ስለ የመን ጦርነት፣ ስለ ሥራ አጥ ወጣቶች፣ ስለ ውጭ አገር ሠራተኛ ብዛት ይከራከራሉ። ሻይ የሚቀዳላቸው ኢሊያስ ነው። ኢሊያስ የደሴ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ሁለት፣ በምጣኔ ሀብት ዲግሪ አለው። ተናጋሪው አኃዝ ሲሳሳት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ በልቡ ያርመዋል። ግን ሻይ ቀጂ አስተያየት ተጠይቆ አያውቅም፤ ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ላይ የሰፈረው ሙያም «የጽዳት ሠራተኛ» ይላል።

ፍቅሩም የመጣው በዚሁ በማክሰኞ በኩል ነው። የማዕከሉ ሰብሳቢ የዶክተር ፈህድ ባለቤት ለእንግዶች የሚሆን መዓሙል፣ ማለትም ተምር የተሞላ ብስኩት፣ በትልቅ ትሪ አስደርድረው በሾፌራቸው በፓኪስታናዊው ሸፊቅ እጅ ይልካሉ። ጋጋሪዋ እቤታቸው የምትኖር ሐበሻ ሠራተኛ ናት። ከዓመት በፊት አንድ ማክሰኞ፣ ብስኩቱ ተበልቶ ሲያልቅ፣ ኢሊያስ ትሪው ላይ ከተነጠፈው ወረቀት ጀርባ በእርሳስ የተጻፈ አማርኛ አገኘ። «ትሪው እየተጣበቀ ነው የሚመለሰው። ብታጥበው እጅህ አይቆረጥም። ሰሊማ» ይላል።

ኢሊያስ ብቻውን ሳቀ። ትሪውን በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ አወልውሎ፣ አዲስ ወረቀት አንጥፎ ከሥሩ ይቅርታውን ጻፈ። በሚቀጥለው ማክሰኞ መልስ መጣ። አሠሪዋ ማዳም የሰሊማን ስልክ ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ ዓርብ ዓርብ ለአንድ ሰዓት ቤተሰቧን እንድታናግር ብቻ ይሰጧታል። ስለዚህ ፍቅራቸው በሳምንት አንድ ደብዳቤ፣ እሱም ቅቤ የነካው ሆነ። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የተያዩት፤ ሦስቱንም ጊዜ እሷ መኪና ውስጥ፣ እሱ በር ላይ። በሦስተኛው ቀን ሰሊማ አንገቷን ከመስኮቱ አላዞረችም፤ ኢሊያስም ያን ማታ ለአንድ ፕሮፌሰር ሻዩ ላይ በስኳር ፈንታ ጨው ጨምሮ ሰጠ።

በስድስተኛው ወር ላይ ከወትሮው የረዘመ ደብዳቤ መጣ።

«ኢሌ፣ ሰሊማ ደላላው ፓስፖርቴ ላይ ያወጣልኝ ስም ነው። እስላም ካልሆንሽ ቪዛው ቶሎ አይወጣም ብሎኝ ነው። እኔ ብርቄ ነኝ። አባቴ የመቄት መሪጌታ ነው። ግንባሬ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለኝ፤ ሻሼን እስከ ቅንድቤ የማወርደው ለዚህ ነው። ረመዳንንም ሁዳዴንም እጾማለሁ፤ አንዱን ለማዳም፣ አንዱን ለራሴ። አባዬ ይህን አያውቅም። ክርስቲያን ቤት ገብቻለሁ፣ በስሜ ይጠሩኛል ብዬዋለሁ። ይህን የጻፍኩልህ አንተም በውሸት ስም እንዳትወደኝ ብዬ ነው።»

ኢሊያስ ለእናቱ «ሰሊማ የምትባል ደግ ልጅ አግኝቻለሁ» ብሎ ደስታቸውን ተካፍሎ ነበር። ስለዚህ አሁን ለእናቱ ምን እንደሚል ሳምንቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። በሳምንቱ ግን እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦ «ብርቄ፣ እናቴ ትቆጣለች፤ አባትሽም ይቆጣሉ። ቁጣውን ለሁለት እንካፈለዋለን። የኮንትራትሽ ጊዜ ሲያልቅ አብረን እንገባለን።» ከዚያች ቀን ጀምሮ ሪያድ ውስጥ ብርቄን በስሟ የሚጠራት አንድ ሰው ተገኘ።

ይሄ ሁሉ ደህና ነበር። ያበላሸው ዓርብ ነው።

ደመቀ የሚባል ጋዜጠኛ ከፍራንክፈርት በኢንተርኔት የሚመራው «የዓርብ ሸንጎ» የተሰኘ የባለሙያዎች ውይይት አለ። ሐበሻ ካለበት አገር ሁሉ ሰው ገብቶ ያዳምጣል። ኢሊያስ መጀመሪያ አድማጭ ነበር፤ ከዚያ በጽሑፍ ጥያቄ መላክ ጀመረ፤ ቆይቶ ደመቀ ራሱ ደወለለትና ተናጋሪ አደረገው። «በሪያድ የጥናት ማዕከል የሚሠሩት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አቶ ኢሊያስ» ተብሎ ይተዋወቃል። ውሸት አይደለም፤ በጥናት ማዕከል ነው የሚሠራው። ምን እንደሚሠራ የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱም ሳይጠየቅ የሚናገር ሞኝ አልነበረም። መንፉሐ ሰፈር ካለው ጠባብ ክፍሉ፣ አብሮት የሚኖረው ያሲን ጎማ ለመጠገን ሲወጣ፣ በሩን ዘግቶ ስለ አገር ይናገራል። በሳምንቱ ውስጥ አቶ የሚባልባት ሰዓት ያቺ ብቻ ነበረች።

የዚያን ዓርብ ርዕስ የሴቶች ስደት ነበር። ሁለት ዶክተሮች ቀርበዋል፤ አንዱ ከኦስሎ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ። ኢሊያስ ደላላው፣ ቪዛውና ድህነቱ እንዴት የሰውን ማንነት እንደሚያስቀይሩ ሲያስረዳ፣ የኦስሎው ዶክተር ለስለስ ባለ ድምፅ ጣልቃ ገቡ።

«ወንድማችን የሚሉት መላምት ነው። የመስክ ማስረጃ አለዎት?»

ኢሊያስ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ። ለዓመታት ማንቆርቆሪያ ይዞ የዋጠው ንግግር ሁሉ አንድ ላይ ገንፍሎ መጣ። «አለኝ» አለ። «አንዲት ሴት አውቃለሁ።»

ተናገረ። የመቄት መሪጌታ ልጅ መሆኗን፣ ደላላው ስሟን መለወጡን፣ ግንባሯ ላይ ያለውን መስቀል በሻሽ መሸፈኗን፣ ሁለቱን ጾም መጾሟን፣ አባቷ አለማወቃቸውን። አማረለት፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ በዕድሜው እንደዚያ አምሮለት አያውቅም።  አንዲት አድማጭ መስመር ላይ አለቀሰች። የኦስሎው ዶክተር «ይህ በጽሑፍ መውጣት አለበት፤ አብረን እንሥራው» አሉ። ደመቀም ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ቋሚ ተናጋሪ እንዲሆን ጋበዘው።

ለብርቄ በጻፈው ደብዳቤ ላይ «ዓርብ ንግግሬ በጣም ተወደደልኝ» ብሎ ነገራት። የተወደደው ምን እንደሆነ ግን አልጻፈም። ሲጽፍ እርሳሱ አንዴ ቆም ብሎ ነበር፤ እሱም ልብ አላለም፣ ወይም ልብ ማለት አልፈለገም።

በሚቀጥሉት ሦስት ማክሰኞዎች ትሪው ያለ ደብዳቤ መጣ። መጀመሪያ ማዳም ደርሰውበት ይሆናል ብሎ ፈራ። ቀጥሎ ታማ ይሆናል አለ። ሸፊቅን ሲጠይቀው «ደህና ናት፣ ዝም ብላለች» አለው። በሦስተኛው ሳምንት ወንድነቱ ተነካና አኮረፈ፤ «ከሰለቸሁሽ ንገሪኝ፣ ትሪ አልጠብቅም» የሚል ደረቅ ወረቀት ላከላት።

በአራተኛው ማክሰኞ ብርቄ ራሷ መጣች።

በዚያ ቀን የሴት እንግዶችም ተጋብዘው ነበር። ሴቶቹ በማዶው አዳራሽ ተቀምጠው ውይይቱን በቴሌቪዥን መስኮት ይከታተላሉ፤ በሁለቱ አዳራሾች መካከል ያለው ማድ ቤት አንድ ነው። ኢሊያስ ስኒ ሲደረድር የኋላው በር ተከፈተና ትሪ የያዙ ሁለት እጆች ገቡ። ዓመት ሙሉ ያሰባት ሴት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች። ያሰበው ሁሉ ጠፋበት። በደብዳቤዎቿ ከገመታት ታጥራለች፤ በመኪናው መስኮት ካያት ትከሳለች። ዓይኖቿ ግን እነዚያው ነበሩ፤ ብቻ አሁን እሱን አያዩትም።

«ትሪውን ተቀበለኝ፣ ከባድ ነው» አለች።

ተቀበላት። ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ የሻይ ሰዓት ሲደርስ እንዲሰማ ተብሎ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ አለ። አንድ ተናጋሪ በሚያምር ዐረብኛ ስለ ሥራ ገበያ ያወራል።

«ደብዳቤዬ አልደረሰሽም?» አላት።

«ደርሶኛል። ከሰለቸሁሽ ንገሪኝ ያልከው። ኢሌ፣ የዒሻ ሶላት እስኪጠራ አሥር ደቂቃ ቢኖረን ነው። ዝም ብለህ ስማኝ። አንተ በዚያ ዓርብ የተናገርከው መቄት ደርሷል።»

ኢሊያስ እጁ ላይ የነበረችውን ስኒ አስቀመጠ።

«የገበያው ልጆች ከኢንተርኔት አውርደው በሜሞሪ ሲሸጡት ነበር አሉ። በእኛ አጥቢያ ልጁን ዐረብ አገር የላከ መሪጌታ አንድ ነው። በእሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ አንዱ ከፍቶ አሰማው። አባዬ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማው አለችኝ እናቴ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከማኅሌት ቀርቷል። ተማሪዎቹን አሰናብቷል። ስልኩን ሲሰጡት አይቀበልም።»

«ብርቄ፣ እኔ እኮ ስም አልጠራሁም።»

«ስሜን ብቻ ነው የተውክልኝ» አለች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሌላውን ሁሉ ሰጥተሃቸዋል። ያንን ለማንም ብዬው አላውቅም። ለእናቴ እንኳን አላልኩም። ላንተ በእርሳስ ጻፍኩልህ፤ ካስፈለገ በላጲስ እንዲጠፋ።»

«አንቺን ልጎዳ ብዬ አይደለም። ሰው እንዲያውቀው ብዬ ነው። ዶክተሩ ማስረጃ አለህ ወይ ሲለኝ...»

«አውቃለሁ። እናቴ በስልክ አሰምታኛለች። ሰምቼህ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? እንዴት ያምርበታል አልኩ። ከዚያ ነው የሚናገረው ስለ እኔ መሆኑ የገባኝ።» ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። «ልወቅስህ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልለምንህ ነው። አባዬ፣ ሰውየው ራሱ ውሸት ነው ካለ አምናለሁ ብሏል። እናቴም ማመን ይፈልጋል፣ መንገድ አጥቶ ነው ትላለች። በዚህ ዓርብ ግባና ፈጠራ ነው በል። ለምሳሌ ብዬ የፈጠርኩት ነው፣ እንዲህ ያለች ልጅ የለችም በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። «እሺ» ቢል ኖሮ ይህን ታሪክ የምንጽፈው በሌላ ልብ ነበር።

ኢሊያስ «እሺ» ለማለት አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ደመቀ ታየው፤ «አቶ ኢሊያስ» የምትለዋ ሰዓት ታየችው፤ ከኦስሎው ዶክተር ጋር የሚጻፈው ጽሑፍ፣ ጽሑፉ ሲወጣ የሚከፈተው በር፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ የሚወጣበት ቀን ታየው። ማስረጃ ፈጥሬ ነው ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ ባለሙያ አይባልም። ዝም ብሎ የቆየው ምናልባት አንድ ስኒ ሻይ የሚቀዳበትን ያህል ነው። ድምፅ ማጉያው ውስጥ ያለው ሰው በዚያች መሀል የሠራተኞችን ሰብዓዊ ክብር የሚመለከት አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ሌላ ጀመረ።

«ግን እውነት እኮ ነው፣ ብርቄ» አላት። «እንዳንቺ ያሉ ስንት ሴቶች አሉ። ለእነሱም ይጠቅማል። ሌላ መንገድ እናስብ፣ እኔ አባትሽን በስልክ ላናግራቸው...»

ብርቄ ቀና ብላ አየችው። ዓመት ሙሉ እንድታየው የተመኘውን ያህል አየችው። ከዚያ ሻሿን አስተካከለች።

«እሺ፣ ወንድሜ» አለች።

ወንድሜ ማለት እዚህ አገር ክፉ ቃል አይደለም። ሐበሻ ሐበሻን ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ኢቃማ ሲያሳድስ ወረፋ ላይ ሲያገኘው የሚለው ነው። ለማንም ይባላል። ኢሊያስ ከሷ አፍ ሲሰማው ለማንም ከሚባልላቸው ሰዎች አንዱ መሆኑን አወቀ። «ብርቄ» ብሎ ጠራት። እሷ ግን ያለፈውን ማክሰኞ ባዶ ትሪ አንስታ፣ ታጥቦ እንደሆነ እንኳ ሳታይ ወጣች። ዒሻ ተጠራ፤ እንግዶቹ ተነሡ፤ ኢሊያስ ማድ ቤቱ መሀል ቆሞ መሮጥም መቀመጥም አቃተው።

ያን ሌሊት አልተኛም። ረቡዕ ጠዋት ያሲን ሱሪውን እያጠለቀ «ምን ሆነህ ነው?» አለው። ኢሊያስ ነገረው፤ ሁሉንም። ያሲን የተማረ ሰው አይደለም፤ ጎማ ይጠግናል፣ ዓርብ ዓርብ ይሰግዳል፣ ለዱንያ ብዙ አይጨነቅም።

«እኔን ያልገባኝ» አለ ያሲን፣ «ሰዎቹ ያደነቁት አንተን ነው ወይስ እሷን?»

ኢሊያስ ልብሱን ለብሶ ወደ ሥራ ሄደ። ሥራ ላይ ሆኖ ደብዳቤውን ጻፈ። «ዓርብ እናገራለሁ፣ እንዳልሽው አደርጋለሁ፣ ስለ ዘገየሁ ይቅር በይኝ» የሚል ነው። ዶክተሩንና ጽሑፉን ሳያነሳ፣ ሰበብ ሳይደረድር፣ በዓመቱ ውስጥ ከጻፋቸው ሁሉ አጭሩን ደብዳቤ ጻፈ። ማክሰኞ እስኪደርስ አልጠበቀም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሸፊቅ ዶክተር ፈህድን ይዞ ወደ ማዕከሉ ሲመጣ ወረቀቱን ሰጠው።

ሸፊቅ ወረቀቱን አልተቀበለም።

«ሰሊማ ኸላስ፣ ሄዳለች» አለ በተሰባበረ ዐረብኛው። «ዛሬ ንጋት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። አባቷ ታመዋል ብላ ኹሩጅ፣ የመውጫ ወረቀት፣ ጠየቀች፤ ማዳምም አዝነው ፈቀዱላት። ቲኬቱ ከተቆረጠ ቆይቷል። አልነገረችህም?»

«አልነገረችኝም» አለ ኢሊያስ።

«ማክሰኞ እኮ የመጣችው ማዳምን ለምና ነው። የማናግረው ሰው አለ ብላ። እየመጣን መንገድ ላይ ጠየቀችኝ፤ ወንድ ሠራተኛ አሠሪው ቢፈቅድለት የመውጫ ወረቀት በስንት ቀን ያገኛል ብላ። በሳምንት ይደርሳል አልኳት። ደስ አላት። ስንመለስ ግን ምንም አልጠየቀችኝም።»

ሸፊቅ ይህን የተናገረው እንደ ተራ ወሬ ነው። መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ኢሊያስ በሩ ላይ፣ መኪናዋን ሲጠብቅ በሚቆምበት ቦታ፣ ወረቀቱን ይዞ ቀረ። ቲኬት በእጇ እያለ ነው ያቺን አንድ ነገር የለመነችው። እሺ ቢላት ቀጥሎ ልትለው የነበረውን አሁን ተረዳው፤ የተረዳው ግን እሷ ከባሕር ማዶ ከደረሰች በኋላ ነው። ብዙ መጽሐፍ ያነበበው ኢሊያስ፣ ሰውን ማንበብ ሲኖርበት ያነበበው የራሱን የወደፊት ዕጣ ነበር። ይህን እያሰበ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ፤ ጥበቃው እንኳ ፊቱን አዞረለት።

ዓርብ መጣ። አሁን ቢናገርም የሚያተርፈው ነገር የለም። ብርቄ አልጠበቀችውም፤ ተናገረም አልተናገረም ተመልሳ ትሪ አትልክለትም። አባቷ ግን አሉ። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ መቄት እስኪያደርሳት ሁለት ቀን አለ፤ ደጃፉ ላይ ስትቆም መሪጌታው ከሚያዞሩት ፊትና ከሚቀበሉት ፊት መካከል አንድ ንግግር ቀርቷል። ኢሊያስ በሩን ሳይዘጋ ተቀመጠ። ያሲንም የዚያን ቀን ሥራ አልሄደም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ደመቀ በተለመደው ሞቅ ያለ ድምፅ ከፈተ። «ዛሬም የመስክ ዕውቀታቸውን ይዘው ከሪያድ አቶ ኢሊያስ አብረውን አሉ።»

«አቶ ደመቀ፣ ከውይይቱ በፊት አንድ የማርመው ነገር አለኝ» አለ ኢሊያስ። «ባለፈው ስለ አንዲት የመሪጌታ ልጅ የተናገርኩት ፈጠራ ነው። ዶክተሩ ማስረጃ ሲጠይቁኝ አጣሁና ፈጠርኩ። እንዲህ ያለች ሴት የለችም። እኔም ባለሙያ አይደለሁም። በጥናት ማዕከሉ የምሠራው ሻይ መቅዳት ነው። ያኛውን ንግግሬን በየገበያው ያዳረሳችሁ ሰዎች፣ ይህንንም እዚያው አድርሱልኝ። በተለይ ወደ መቄት በኩል።»

 የኦስሎው ዶክተር ቀድመው ተናገሩ፤ ነውር ነው አሉ፣ ለሙያው ስድብ ነው አሉ፣ እንዲህ ዓይነቱን ሰው እዚህ ያቀረበ ሰው ራሱን ይመርምር አሉ። የአዲስ አበባው ዶክተር ከመስመሩ ወጡ። ደመቀ የሚለው ጠፍቶት ሲንተባተብ «አስወጣው፣ ዝጋበት» የሚሉ ጽሑፎች ስክሪኑን ሞሉት።  ሰዎቹ የሚሰድቡት ፈጠራ ነው ያለውን ስላመኑት ስለሆነ፣ ኢሊያስን በየስድቡ ትንሽ ትንሽ ቀለለው።

ደመቀ መስመሩን ሊዘጋው ሲል አንዲት አድማጭ እንድትናገር ለመነችው።

«ወርቅዬ እባላለሁ፣ ከደማም ነው» አሉ። የጎለመሰች ሴት ድምፅ ነው፤ ጉሮሯቸው ይከረክራል። «ትምህርት ቤት አጸዳለሁ። ልጄ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማዎታለሁ፣ እናቴ።»

«እኔ ልሰድብህ አይደለም። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ያቺ ልጅ ከዓይኔ ጠፍታ አታውቅም። ወለል ስወለውልም አስባታለሁ። ስሟን አልነገርከንም ነበርና፣ በጸሎቴ የመሪጌታዋ ልጅ እያልኩ አነሳታለሁ። እንዴት ችላው ይሆን እያልኩ ስንቱን ቀን አልቅሻለሁ መሰለህ። አንተ ውሸት ነው ስትል ሌላው ተናደደ፤ እኔ ግን እፎይ አልኩ። እንኳን ውሸት ሆነ። እንኳን እንዲህ ያለች ልጅ ኖራ አላየሁ። አንተም ደስ ይበልህ እንጂ አትፈር። አሜን በል፣ ልጄ።»

ያሲን ከአልጋው ጫፍ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኢሊያስ ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ያዘው። ሴትዮዋ እየጠበቁ ነው፤ ደመቀም፣ ሸንጎውም ይጠብቃል።

«አሜን» አለ። የተሰማቸው ስላልመሰለው እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ «አሜን፣ እናቴ» አላቸው።